የባለሱቋ ቋጠሮ

እኛ መንገድ ላይ አንዲት ባለሱቅ አለች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ገብቶ ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ሆኖ አንገቱን እያሰገገ ነው የሚገዛው። ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ደብተሩ፣ ባትሪው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ቢራው ግን ከባንኮኒው ጀርባ፣ እግሯ ሥር ባለችው ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ባሏ ከሞተባት ወዲህ የሟች እህቷን ልጅ እያሳደገች ትኖራለች። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቀጭንና ፈጣን ስለሆነች፣ አንድ ቦታም መቀመጥ ስለማይሆንላት ሰፈሩ ድንቢጥ ይላታል። አክስትየዋ የሱቁን ሥራ ሁሉ አስተምራታለች፤ ስኳር መመዘን፣ መልስ መስጠት፣ ነገረኛ ደንበኛን በሳቅ መሸኘት። ከሁሉም ከሁሉም ቋጠሮዋን አስተምራታለች።

ስለ ቋጠሮው ልንገራችሁማ። ባለሱቋ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ዕቃ ስታስገባ እንደ ሌላው ጠምዝዛ አትሰጥም። ሁለቴ አስራ፣ ጫፎቹን በመሃል አሾልካ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቀጥ አድርጋ ታቆማቸዋለች። «የተላከ ልጅ መንገድ ላይ ፈትቶ ብስኩቱን እንዳይበላ ነው» ትላለች። እውነትም ያንን ቋጠሮ ትዕግሥት የሌለው ሰው አይፈታውም። ባለ ጆሮ ፌስታል የያዘ ሰው ያየ ሁሉ «ከእትዬ ጋ ነው የመጣኸው?» ነው የሚለው።

ታዲያ ልጆቼ፣ እኛ ሰፈር ጎረምሶች ቢራ መቅመስ ጀመሩ ተብሎ ወላጅ ሁሉ የተጨነቀበት ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤቱ ወላጆችንም ባለሱቆችንም ጠርቶ ለመነ። ሁሉም «ለልጅ አንሸጥም» አለ። ማለቱ ቀላል ነው። ችግሩ እኛው ነን፤ ልጅ መላክ ለምዶብናል። አባት ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «ሂድ እስቲ አንድ ቀዝቃዛ ይዘህልኝ ና» ይላል። ልጁም ባንኮኒው ጋ ቆሞ «አባዬ ልኮኝ ነው» ይላል። ባለሱቅ ይህን በምን ያውቃል?

ባለሱቋ መላ ዘየደች። «ልጅ ቢላክም፣ ወላጁ ደውሎ በገዛ አፉ ካልነገረኝ ጠርሙስ አልሰጥም» አለች። ሰዉም ተቀበለ፤ ምክንያቱም ድምፅ አይጠፋትም። አንዱ ደውሎ ገና «ሃሎ» ሳይል አተነፋፈሱን ሰምታ «ዛሬ ደግሞ ጉንፋን ይዞዎታል» የምትል ሴት ናት። ይደወላል፣ ድምፁን ትለያለች፣ ጠርሙሱን አስራ ለልጁ ትሰጣለች። ሁሉም ነገር አማን ሆነ ተባለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ከትምህርት ቤቱ የጓሮ አጥር ላይ ወደቀ። እጁ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት አፉ ቢራ ቢራ ይሸት ነበር።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። ምን ልስጥህ?»

«ዛሬስ እኔ ነኝ የምሰጥዎት» አለና ከካፖርቱ ኪስ አንድ የተጨማደደ ጥቁር ፌስታል አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

የፌስታሉ ሆድ ተቀዷል። ቋጠሮው ግን እንደታሰረ ነው፤ ሁለቱ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። መፍታት ያቃታቸው ልጆች ከሥር ቀደው ነው ጠርሙሱን ያወጡት።

«የት አገኘኸው?» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።

«ልጁ የወደቀበት ሥር። ባዶ ጠርሙሶችም ነበሩ። እኔ ምንም አላልኩም እትዬ። ዝም ብዬ አሳየሁዎት።»

ዝም ብሎ አላሳያትም፤ ቀድሞ ለፀጉር ሠሪዋ አሳይቷል። ለካ እሷ ከኋላው እየመጣች ነበር። መቀስ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ዘበኛውን በክንዷ ገፍታ ገባች።

«ልጄ እጁ በጄሶ ታስሮ ያቃስታል፣ አንቺ እዚህ ቆመሽ ስኳር ትመዝኛለሽ!»

«በእህቴ አፅም ይሁንብኝ፣ ለልጅ ሸጬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ቋጠሮሽ እግር አውጥቶ አጥር ዘለላ!»

«ወላጅ ካልደወለ አልሰጥም። አንቺም ታውቂያለሽ፤ አንቺም ስትደውዪ ነው የምሰጠው።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሸጥሽ ይህን ማሰር የሚያውቅ ማነው? ንገሪኛ! ሌላ ማነው የሚያውቀው?»

በዚያች ቅጽበት ድንቢጥ ባንኮኒው ጥግ ቆማ ለአንድ ሽማግሌ ስኳር እያሰረች ነበር። ሁለቴ አሰረች፣ ጫፎቹን በመሃል አሾለከች፣ ጆሮዎቹን አቆመች። ቀና ስትል ሰዉ ሁሉ እጇን እያየ ነው። ዘበኛው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ሽማግሌው ሳይቀር። አክስቷም።

ልጅቷ ኋላ ያልረሳችው ይህንን ነው፤ አክስቷም እንዳየቻት።

ያን ዕለት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ባለሱቋ ፍሪጁን ከፍታ ጠርሙሶቿን ቆጠረች። አልጎደለም። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ ይተኛል። ጥርጣሬ ግን ክፉ ነው ልጆቼ፤ የሚያፈርሰውን ነገር ሁሉ መልሶ ግድግዳው ያደርገዋል። «አልጎደለም ማለት በደንብ አስባበታለች ማለት ነው» አለች በልቧ። «እኔ ዕቃ ላመጣ ስወጣ ትሸጥላቸውና ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ታስገባለች። ብልህ ናት። እኔው ነኝ ያስተማርኳት።»

ልትጠይቃት ብዙ ጊዜ አፏ ላይ መጣ። አልጠየቀችም። ብትክድስ? ብታምንስ? ሁለቱንም ፈራች። ስለዚህ ዝም ብላ ማየት ጀመረች። ልጅቷ ስልክ ስታናግር መጋረጃው ጋ ትቆማለች። ስትወጣ በየት በኩል እንደታጠፈች ታያለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አቅፋ ትስማታለች፤ ያውም ከወትሮው አብዝታ። ግን ስትስማት አፍንጫዋ ሥራ ላይ ነበር። አንድ ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ማስቲካ አገኘች። «ለምን ማስቲካ?» አለች ለራሷ። «ምን ሽታ ልትደብቅ ነው?» ፍሪጁ ላይ ቁልፍ አንጠለጠለች። ድንቢጥ ቁልፉን አየችው። ከዚያ ወዲያ እያደር ዝም እያለች ሄደች።

ሰፈሩም አልተኛም። እናቶች ወደ ሱቁ ሲገቡ ጨዋታቸው ይቋረጣል። አንዳንዶቹ ዳገቱ ላይ ካለው ሱቅ መግዛት ጀመሩ። «እዚያ ይረክሳል ብለን ነው» ይላሉ፤ ፊት ለፊት ግን «አንቺ ነሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ይሉኝታ ያዛቸው።

እሷም በተራዋ ይሉኝታ የያዛት ነገር ነበራት። ከሱቋ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ጨዋ፣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ ሰዉ ጋሼ ሰፊው ይለዋል። ሚስቱ እናቷን ልታስታምም ሩቅ አገር ከሄደች ወራት አልፏል። እሱ ጎረምሳ ልጁን ይዞ ቀርቷል። ድሮ አልፎ አልፎ አንድ ቢራ ነበር የሚያስልከው። አሁን ግን አበዛ። ይደውላል፣ የስፌት መኪናው ከኋላ ጠጠጠጠ ሲል ይሰማል፣ «እትዬ፣ ልጁን ልኬዋለሁ፣ ሁለት ይሰሩልኝ» ይላል። አንዳንዴ ሦስት። ዓርብ ዓርብማ እንግዳ መጣብኝ ይላል።

«ብቸኝነት ነው» ትል ነበር ባለሱቋ እያዘነች። መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላም ብላው ታልፋለች። ሰውን ስለ መጠጡ ፊቱ ላይ እንዴት ይነገረዋል? ፊቱ ላይ አልነገረችውም እንጂ፣ ሁለት ለምታምናቸው ሴቶች በጆሯቸው ነግራለች። ሁለቱም ሁለት ለሚያምኗቸው ነግረዋል።

በመጨረሻ ባለሱቋ አልቻለችም። የጭነት መኪና ሹፌር ለሆነው ወንድሟ ደወለች። «ልጅቷን ቅዳሜ መጥተህ ውሰድልኝ። አንተ ጋ ትማር» አለችው።

«ምን አጠፋች?»

«ምንም። ለእሷው ብዬ ነው።»

ለድንቢጥም እንደዚያው አለቻት። ልጅቷ ቆማ ሰማች። «ፈተናዬ ሰኞ ይጀምራል እኮ» አለች።

«እዚያም ፈተና አለ።»

«እሺ» አለች ድንቢጥ። እሺታዋ እንደ በር የሚዘጋ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ባለሱቋ የልጅቷን የጉዞ ሻንጣ ይዛ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደች፤ ዚፑ ተላቆ ነበር። የሰፊው ክፍል በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ መኪናውን ያስኬዳል። ልጁ ትምህርት ቤት ነው።

«እትዬ! እርስዎም መንገደኛ ሆኑ እንዴ?»

«እኔስ የት እሄዳለሁ። የልጅቷ ነው።»

ዚፑን እየሰፋላት ሳለ ስልኩ ጠራ። ወዲያው መዳፉን መኪናው ጎማ ላይ አሳርፎ ቀጥ አደረገው። ስልኩን አንስቶ ወደ ደጅ ወጣና አንደኛውን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ጮክ ብሎ ያናግር ጀመር። ሲመለስ ሳቀ።

«ይቅርታ፤ ይህች መኪና አንድ ጆሮዬን በልታዋለች። እሷ ስትናገር እኔ ሰው አልሰማም። ስልክ ሲመጣ ወይ እሷ ዝም ትላለች ወይ እኔ እወጣለሁ።»

ባለሱቋ ልትስቅ ብላ ተወችው። እሷ ጋ ሲደውል መኪናው ሁልጊዜ እየሠራ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አያውቅም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው እሱኑ ነው። «ለምን ይዋሸኛል?» አለች በልቧ። ሰው አንዴ መጠርጠር ከለመደ ጎረቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ዚፑ አልቆ ሻንጣውን ሲሰጣት ግን አልሄደችም።

«ጋሼ ሰፊው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንዳይቀየሙኝ።»

«ኧረ ይጠይቁ።»

«ቢራው… ትንሽ አልበዛም?»

«የቱ ቢራ?»

«የሚያስልኩት።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ ሐኪም ጨጓራህ ቆስሏል ካለኝ ወዲህ ቢራ በዓይኔም አላየሁ። ከበጋው ጀምሮ።» ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «ቆይ፣ ቆይ። ለዚህ ነው እንዴ ሰዉ እንደዚያ የሚያየኝ? ፀጉር ሠሪዋ ባለፈው ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ‹አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል› አለችኝ። ምን ሰምታ ነው ብዬ፣ ሚስቴ እዚያ ሌላ ነገር ጀምራ ይሆን ብዬ፣ እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ! በስልክ ሳይቀር ሳኮርፋት ነው የከረምኩት!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ በፈረሱ። ያን ዕለት ግን ተያዩ።

«ከሰዓት በኋላ ስልክዎን ማን ጋ ነው የሚተዉት?» አለች ቀስ ብላ።

«የተሰፋውን ይዤ ወደ ላውንድሪ ቤት ስሄድ ለልጁ ነው የምተውለት። ደንበኛ ከደወለ እንዲያነሳ…» ብሎ ሳይጨርስ ራሱ አቆመ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው እንደ ሁልጊዜው የተሰፋውን ልብስ ተሸክሞ፣ ስልኩን ለልጁ ትቶ ወጣ። ወደ ላውንድሪ ቤት አልሄደም። ዞሮ በሱቁ የጓሮ በር ገባና ከባለሱቋ ባንኮኒ ጀርባ፣ ባዶ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። ልብሶቹን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ታቅፏል። ባለሱቋ ስልኳን ፊቷ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ድንቢጥ ከመጋረጃው ወዲያ ሻንጣዋን እያሰናዳች ናት፤ ምን እንደሚደረግ የነገራት የለም።

ስልኩ ጠራ። ባለሱቋ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

ከኋላ ጠጠጠጠ ይላል።

ልብስ ሰፊው እጁን ወደ ጉሮሮው ሰደደ፤ እኔ ነኝ እንዴ የተናገርኩት እንደሚል ሰው። ያው የእሱ ድምፅ ነው። ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሰበር።

«ደህና ነኝ ጋሼ ሰፊው» አለች ባለሱቋ፣ ዓይኗን ከሰውየው ሳትነቅል።

«ልጁን ልኬዋለሁ። ዛሬ አራት ይሰሩልኝ፣ እንግዳ መጥቶብኛል።»

«የምን እንግዳ?»

«ኧረ ዘመድ ነው። ጉሮሮው የደረቀ ዘመድ።» ሳቀ። ሳቁም የአባትየው ነው።

«እሺ፣ ይምጣ» አለችና ዘጋችው።

«እግዚአብሔር ያሳያችሁ» አለ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ። «ሳቄን እንኳ አልተወልኝም። እትዬ፣ እኔ ራሴ ብሰማው እታዘዘው ነበር።»

ልጁ መጣ፤ ቁመቱ አባቱን አክሏል፤ አገጩ ላይ ጥቂት ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል። «እትዬ፣ አባዬ ልኮኝ…» ብሎ ሳይጨርስ አባቱ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና አለ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ ሰፊው?» አለው አባትየው ልጁን። «ግቡ እንጂ። ጉሮሮው የደረቀው ዘመድዎ እኔ ነኝ።»

ልጁ ለመሮጥ ወደ በሩ ዞረ። አልሮጠም። በሩን ይዞ ቆመ።

አባትየው መቆጣት ጀምሮ ነበር፤ ባለሱቋ እጇን አነሳችበት። «ቆይ። መጀመሪያ እንዴት እንደጀመርከው ንገረኝ። አትፍራ።»

ልጁ መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። «ድምፄ ሲለወጥ ስልክ ሳነሳ ሰው ሁሉ ጋሼ ይለኝ ጀመር። ደንበኛ ሱሪዬ ደረሰ ወይ ይለኛል፣ አባዬ መስዬ እመልሳለሁ። ለሳቅ ነበር። አንድ ቀን እርስዎ ጋ ለሳሙና ደወልኩ። በራሴ ድምፅ ነው የደወልኩት። እርስዎ ጋሼ ሰፊው ብለው፣ ‹ሳሙና ብቻ? ቢራውንስ ላስርልዎት?› አሉኝ። እኔ… እሺ አልኩ።»

ባለሱቋ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። ያን ቀን አስታወሰችው።

«ከዚያ አባዬ እየሰፋ እንዲመስል መኪናውን እያስኬድኩ መደወል ለመድኩ። ልጆቹ ጀግና አደረጉኝ። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ሲወድቅ አቆማለሁ ብዬ ነበር። አንድ ሳምንት አቆምኩ። ከዚያ ዓርብ ሲደርስ ልጆቹ እየከበቡኝ አባባ፣ አባባ እያሉ…»

«ልጄን… የእህቴን ልጅ አስገብታችኋት ነበር?» አለች ባለሱቋ።

እዩልኝ፣ ጥርጣሬው እዚያ ድረስ እንኳ አልለቀቃትም።

ልጁ ቀና አለ፤ የገረመው ይመስላል። «ድንቢጥን? እሷንማ አናስጠጋትም። የአክስቷ ሰላይ ናት ነው የምንላት። ስትመጣ ሁላችንም ዝም እንላለን።»

መጋረጃው ተገለጠ። ድንቢጥ እዚያ ቆማለች። አንዱን የታጠፈ ሹራብ ደረቷ ላይ ይዛለች።

አባትና ልጅ ወጡ። አባትየው ልጁን በክንዱ ይዞ ቀጥታ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ቤት ወሰደው፤ በገዛ አፉ እንዲናገር። ሱቁ ውስጥ አክስትና ልጅ ቀሩ።

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች ድንቢጥ።

«ልጄ…»

«አንድ ቃል ነው እኮ። ‹አንቺ ነሽ ወይ?› ማለት። ስትስሚኝ ታሸቺኝ ነበር። የማላውቅ መሰለሽ?»

ባለሱቋ ወደ መጋረጃው ቀረብ አለች።

«ማስቲካውን ደግሞ ከራስሽ ሱቅ ነው የገዛሁት። ስለማጠና ነው የማኝከው። ትምህርት ቤት ሰላይ፣ እዚህ ሌባ። የት ልሁን?» ይህን ብላ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው። የሻንጣው ዚፕ ዳር እስከ ዳር ሲሄድ ተሰማ።

ባለሱቋ ሱቁን ክፍት ትታ ወጣች፤ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊውና ልጁ እዚያው ናቸው። ሴቶች ፀጉራቸውን ተጠቅልለው፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ተቀምጠዋል። ሁሉም ካስካቸውን ገፍተው ጆሮአቸውን አውጥተዋል።

«ልጅሽ የጠጣውን የሸጥኩት እኔ ነኝ» አለች ባለሱቋ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። «በገዛ እጄ አስሬ፣ በገዛ አፌ ጋብዤ። ድንቢጥ የለችበትም። የጠረጠራት ሁሉ ይስማኝ፤ ከሁሉ አብልጬ የጠረጠርኳት እኔ ነኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ መቀሷን እንደያዘች አፈጠጠችባት። ጮኸች፤ መጮህም ይገባት ነበር። ልጁንም፣ አባቱንም፣ ባለሱቋንም አዳረሰቻቸው። ጩኸቷ ሲያልቅ ግን መስተዋቱ ፊት ቁጭ አለች።

«እኔስ» አለች፣ ለመስተዋቱ ይሁን ለማን እንጃ። «ከአንቺ ሱቅ የማስመጣውን በማን ነበር የማስልከው? በእሱው። የተሰበረችው እጅ ናት ስታመላልስልኝ የከረመችው። ‹ቀዝቃዛውን ምረጥ› እያልኩ።»

ካስክ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ሳል ሳል አላት። ሌላዋ ጥፍሯን አየች። ያን ዕለት እዚያ ቤት ልጇን ልካ የማታውቅ አልነበረችም። እዚያው ተነጋገሩ፤ ከእንግዲህ ስልክ የለም፣ መላክም የለም፣ የጠማው በራሱ እግር ይሂድ አሉ። «ባሌ በራሱ እግር ከሄደ አይመለስም» አለች አንዷ፤ ትንሽ ተሳቀ።

ቅዳሜ ጠዋት የሹፌሩ መኪና ሱቁ በር ላይ ቆመ። መንገዱን ሞልቶ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ።

«ይኸው መጣሁ። ልጅቷስ?»

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ» አለች ባለሱቋ። «ያለ ጥፋቷ ነው ያስጠራሁህ።»

«ምን ማለት ነው? ጭነት ትቼ ነው እኮ የመጣሁት! በስልክ አትነግሪኝም ነበር?»

«ስልክ ፈራሁ» አለች፤ የምሯን ነው። ሹፌሩ አልገባውም።

ድንቢጥ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አጎቷን ሳመችው። አክስቷን አላየቻትም። መኪናው ጋ ደርሳ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠችና ቆመች።

ባለሱቋ ባንኮኒውን ዞራ ወጣች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ ያያል፤ አላፈረችም።

«ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ?» አለቻት። «እኔ አላውቅም። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።»

ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ ጎማውን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገ።

«ፈተናዬን እፈተናለሁ» አለች በመጨረሻ። «ፈተናው ሲያልቅ እነግርሻለሁ።»

«ምኑን?»

«መሄዴን ወይም መቅረቴን። አሁን አልነግርሽም።»

«እሺ» አለች አክስቷ። ሌላ ምን ትላለች።

ሹፌሩ «ሴቶች!» ብሎ፣ ሁለት ዳቦና አንድ ውሃ በነፃ ወስዶ ሄደ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ድንቢጥ መጽሐፎቿን በክንዷ ይዛ ከመጋረጃው ወጣች። ከማን ጋር እንደምታጠና አልተናገረችም። ባለሱቋ ለደንበኛ ዘይት እየቀዳች ነበር፤ ዘይቱን አስቀምጣ በሩ ድረስ ተከተለቻት። ጥያቄው ሁሉ አፏ ላይ ተሰልፏል፦ ወዴት ነው፣ ከማን ጋር ነው፣ የት ሰፈር ነው፣ ወንዶች አሉ ወይ። ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ ጥጉ ጋ ደረሰች። የምትታጠፍበትን ለማየት አንድ እርምጃ ብቻ መውጣት ይበቃ ነበር።

ባለሱቋ አልወጣችም።

«ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ነይ!» አለች ካለችበት።

«እሺ» የሚል ድምፅ ከጥጉ መጣ፤ ልጅቷም ታጠፈች። ባለሱቋ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ሳታይ ተመልሳ ዘይቷን መቅዳት ጀመረች፤ ደንበኛው «እትዬ፣ እየፈሰሰ ነው» እስኪላት ድረስ።